ስለ ጥቂት ሰሚዎች

ሰው ሥራውን የሚመዝንበት ሚዛን ልዩ ልዩ ነው። አንዱ በሚያገኘው ገንዘብ፣ አንዱ በሚተርፈው ስም፣ አንዱም በሚያዩት ሰዎች ብዛት ይመዝነዋል። ከነዚህ ከሦስቱ ሚዛኖች በዘመናችን ይበልጥ የበረታው ሦስተኛው ይመስለኛል። ዛሬ ስልክ የያዘ ልጅ ሁሉ የተናገረውን ወይም የሠራውን ስንት ሰው እንዳየለት በቁጥር ያውቃል። ቁጥሩ ሲበዛ ደስ ይለዋል፤ ሲያንስም ራሱ ያነሰ ይመስለዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ብዙ ሰው ያላየው መልካም ሥራ ዋጋው ይቀንሳልን? ጥቂት ሰው ብቻ በተገኘበት ስፍራስ ሠራተኛው ሙሉ ኃይሉን ሊሰጥ ይገባዋልን? እኔ ይህ ጥያቄ የገጠመኝ መጽሐፍ ሳነብ አይደለም። ስድሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ በዋሽንግተን ከተማ፣ የመኝታዬ ሰዓት ካለፈ ወዲያ በገባሁበት አንድ ጠባብ የሙዚቃ ቤት ውስጥ ነው።

የእኅቴ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ከእኔ ዘንድ አደገ። ትምህርቱን በደኅና ሲከታተል ቆይቶ ኮሌጅ በገባ በሁለተኛው ዓመት አቋረጠውና፣ ቀን በአንድ መጋዘን ዕቃ እየጫነ፣ ማታ ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ ሙዚቃ የሚጫወት ሆነ። የእርሱ መሣሪያ ቤዝ ጊታር ነው፤ የሚጫወቱትም ኢንዲ ሮክ የሚባለውን ነው። ኢንዲ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «ራሱን የቻለ» ከሚለው ቃል ተቆርጦ የወጣ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ከትልልቅ የሸክላ ኩባንያዎች ጋራ ሳይዋዋሉ በገዛ ገንዘባቸው ወይም በትንንሽ አሳታሚዎች እየተረዱ ሙዚቃቸውን ለሚያወጡ ሰዎች የተሰጠ ስም ነው።

እናቱ በየእሑዱ በደወለች ቁጥር «ወንድሜ፣ ልጄን ምከርልኝ» ትለኛለች። እኔም «እመክረዋለሁ» እያልሁ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጁ ግን «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ይምጡና ይስሙን» እያለ ይለምነኝ ነበር። እኔም በመጨረሻ እሺ አልሁት። እሺ ያልሁት ግን ሙዚቃውን ወድጄ አይደለም። ሳያይ ፈረደ እንዳልባል አንድ ቀን አይቼ፣ በዚያው ሌሊት ስንመለስ «ይህን ነገር ተው» ብዬ ቁርጡን ልነግረው አስቤ ነው።

ቤቱ የሚገኘው በዘጠነኛው መንገድና በዩ መንገድ አካባቢ ነው። ይህን ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል፤ የአገራችን ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ስፍራ ነውና። ለሙዚቃም ቢሆን አዲስ ሰፈር አይደለም። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1899 በዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገው በዚህ አካባቢ ነበር። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ስነዳ ወጣቶችን እሙዚቃ ቤቶቹ በር ድረስ አድርሻለሁ፤ ከበሩ ወዲያ ግን አልፌ አላውቅም ነበር። ሽሮ ከምበላበት ቤት እስከዚያ ቤት ድረስ ያለው ርቀት ከመቶ እርምጃ አይበልጥም። ሰው ሃያ ዓመት በጎረቤትነት ኖሮ የጎረቤቱን ደጃፍ ሳይረግጥ ሊቀር እንደሚችል ያን ማታ ተረዳሁ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ወጣት 15 ዶላር ተቀብሎ አስገባኝ። ከፊቴ የገቡት ሁለት ልጆች ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ስለ ሆነ፣ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ የመስቀለኛ ምልክት ተደረገባቸው። ይህ ምልክት በዚያ ከተማ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዋሽንግተን ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው የነበሩ ልጅ እግር ሙዚቀኞች በሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ ያለ ምልክት በእጃቸው ተደርጎላቸው ነበርና፣ ሲመለሱ በከተማቸውም እንዲሁ እየተደረገ ልጆች ሙዚቃ ከመስማት እንዳይከለከሉ ጠየቁ። እንዲህ ያለው ቤት የሚኖረው ከመጠጥ በሚያገኘው ትርፍ ሲሆን፣ መጠጥ የማይገዛውንም ልጅ ሰሚ ነው ብሎ መቀበል ቀላል ነገር አይደለም።

ቤቱ ሁለት መቶ ሰው ያህል ይይዛል። በከተማው ታዋቂ የሆነው ናይን ሰርቲ ክለብም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲከፈት የሚይዘው 199 ሰው ብቻ ነበር፤ በ1996 ወደ ዛሬው ቦታው ተዛውሮ 1,200 ሰው የሚይዝ እስኪሆን ድረስ ብዙ ባንዶች ከዚያ ጠባብ አዳራሽ ወጥተዋል። እኔ ግን በገባሁበት ቤት 200 ሰው አልነበረም። ቆጠርሁ፤ ከእኔ ጋራ ዘጠኝ ነበርን። ከዘጠኙ አራቱ ከልጆቹ ቀጥለው ተራቸውን የሚጠብቁ የሌሎች ባንዶች ተጫዋቾች ነበሩ። አንዲቱ የድራም መቺው እጮኛ ነበረች፤ ሁለቱ እጃቸው ላይ ምልክት ያለባቸው ልጆች፣ አንዱ ደግሞ እባንኮኒው ጥግ ተቀምጦ ቢራውን የሚጠጣ ሽማግሌ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር መናገር አለብኝ። አዳራሹ ባዶ መሆኑን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ። ልነግረው ያሰብሁትን ምክር ባዶው አዳራሽ ራሱ የሚናገርልኝ መሰለኝ። «እነሆ ልጄ፣ የሚሰማህ ሰው የለም» ለማለት አፌን አሰናድቼ ቆምሁ።

ልጆቹ ወደ መድረኩ ወጡ። የእኅቴ ልጅ አዳራሹን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየ። እኔ ፊቱን አውቀዋለሁና እንዳዘነ ገባኝ። ጨዋታውን አሳጥረው ይወርዳሉ፣ ወይም በራሳቸው እየቀለዱ ያልፉታል ብዬ ጠበቅሁ። ዘፋኙ ግን «ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን» ካለ በኋላ ሌላ ቃል ሳይጨምር ጀመሩ።

ሙዚቃውን አሳምሬ ልግለጽላችሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጆሮዬ የለመደው ክራርና ማሲንቆ፣ ሲበዛም የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ነው። የነርሱ ሙዚቃ ለሰሚው ግራ ሆነብኝ፤ ከበር በአንድ ዶላር የገዛሁትን የጆሮ መድፈኛ ባላደርግ ኖሮ እወጣ ነበር። የቤዙ ድምፅ በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚሰማ ነው። ነገር ግን ጆሮዬ ያልተቀበለውን ዓይኔ ተቀበለው። ድራም መቺው ላብ በላብ ሆኖ ነበር። የእኅቴ ልጅ ጣቶች ለአንዲት ቅጽበት አልሰነፉም። በሦስተኛው ዘፈን መካከል አንደኛው ጊታር ያለ ቦታው ገባና ዜማው ተዛነፈ። እነርሱም አቁመው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመሩት። ዘጠኝ ሰው ምን ያውቅብናል ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። አላለፉትም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሰባት ዘፈን ተጫወቱና ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ወረዱ።

እኔም የዚያን ጊዜ ያላሰብሁት ነገር ትዝ አለኝ። በ1979 ዓ.ም. በጎጃም በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቀን ከሌሊት ጀምሮ ኃይለኛ ዝናም ሲጥል አድሮ፣ ከሃምሳ ከሚበልጡት ተማሪዎቼ ሦስቱ ብቻ መጡ። ሁለቱ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ሦስተኛይቱ ግን ከወንዝ ማዶ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ እብብቷ ሥር ይዛው ነበር። እኔ «ለሦስት ሰው ትምህርት የለም፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አልኋቸውና ወደ ቤቴ ገብቼ ቡና አፈላሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስኮት ብመለከት ያች ልጅ ዝናሙ እስኪያባራ እክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ ትናንት እሰሌዳው ላይ ጽፌው የቀረውን ትምህርት ትገለብጥ ነበር። አየኋትና መስኮቱን ዘጋሁ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ያልተመለሰችበት ምክንያት የእኔ ሥራ ነው ልል አልችልም፤ የገጠር ልጅን ከትምህርት የሚያስቀር ነገር ብዙ ነውና። ነገር ግን በዚያ ቀን ለሦስት ሰው ማስተማር እችል ነበር። ያልቻልሁ ሳልሆን የናቅሁ ነበርሁ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ፣ ነገሩን አብረን እንመርምር። እኔ በዚያ ቀን ያጠፋሁት ጥፋት ምንድን ነው? ያልመጡት ተማሪዎች በእኔ ላይ ያሳደሩትን ቅሬታ በመጡት በሦስቱ ላይ ተወጣሁት። ይህ ጥፋት የእኔ ብቻ አይደለም። በዕድር ስብሰባ ሰብሳቢው ተነሥቶ በሰዓቱ የመጡትን አባሎች ስለ ዘገዩት ሲቆጣቸው ያላየ ሰው የለም። የቀረው ሰው ቁጣውን አይሰማም፤ የሚሰማው የመጣው ነው። በሙዚቃ ቤትም አንዳንድ ተጫዋች ሰው ባነሰበት ሌሊት የመጡትን በነገር እየወጋ፣ በግማሽ ልብ ተጫውቶ ይወርዳል ይባላል። የመጣውን ሰው ባልመጣው ምክንያት መቅጣት ከሁሉ የከፋ ፍርድ ነው፤ የሚቀጣው ታማኙ ሰው ነውና።

የአገራችንን ልማድ ደግሞ አስታውሱ። በገጠር ቤተ ክርስቲያን በሥራ ቀን ቅዳሴ ሲቆም ቀዳሾቹ ከአምስት ማነስ የለባቸውም። አስቀዳሽ ግን አንዲት አሮጊት ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። እንዲህ ቢሆንም «ዛሬ ሰው የለምና እናሳጥረው» አይባልም፤ በታላቅ በዓል የሚባለው ለእኒያም ለአሮጊት ይባላል። ሮክ ሙዚቃን ከቅዳሴ ጋራ ማነጻጸሬ አይደለም። ነገር ግን ሥራው ራሱ ሙሉ መሆን የሚገባው እንጂ በተመልካቹ ልክ የሚሰፋና የሚጠብ አለመሆኑን አባቶቻችን ያውቁ እንደ ነበር ለማሳየት ነው።

ልጆቹ ከወረዱ በኋላ ኮቴን አንሥቼ ልወጣ ስል የእኅቴ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ የኛ ስላለቀ አይውጡ፤ የሌሎቹንም እንስማ» አለኝ። በዚህ ዓይነት ቤት ሦስት ባንዶች በአንድ ሌሊት በተራ ይጫወታሉ፤ የራሱን ተጫውቶ የሌላውን ሳይሰማ የሚሄድ ባንድ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ስለዚህ ቆየሁ። ቅድም ከፊታችን ቆመው የሰሙት አራቱ አሁን በሁለት ተከፍለው በተራቸው መድረኩ ላይ ወጡ፤ የእኅቴ ልጅና ጓደኞቹም በነርሱ ቦታ ቆመው ሰሙ። ጥቂት ሰዎች ብዙ የሚሆኑበት መንገድ ይህ እንደ ሆነ ተገነዘብሁ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ለሌላው ሰሚ ሲሆን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የተባለው ስለ ድሩ ማበር እንጂ ስለ ድሩ ብዛት ብቻ አይመስለኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ በመኪናው ውስጥ አንድ ታሪክ አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1976 ሴክስ ፒስቶልስ የተባለ የለንደን ባንድ በማንቸስተር ከተማ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ተጫወተ። የመጣው ሰው ወደ 40 ገደማ እንደ ነበር ይነገራል። ነገር ግን ከመጡት መካከል ሁለት ጓደኛሞች ኋላ ጆይ ዲቪዥን የተባለውን ስመ ጥር ባንድ አቋቋሙ፤ አንደኛውም በማግስቱ ሄዶ ቤዝ ጊታር ገዛ። ያን ጨዋታ ያሰናዱት የባዝኮክስ ባንድ ወጣቶችም በጥር ወር 1977 ገንዘብ ተበድረው፣ ማንንም ኩባንያ ሳይለምኑ፣ 1,000 ሸክላ በራሳቸው አሳተሙ። ያም ሸክላ ከኢንዲ ሙዚቃ መነሻዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። «እንግዲህ አዩ ጋሼ፣ አርባ ሰው ይበቃል» አለኝ።

ታሪኩ መልካም ነው፤ ነገር ግን እኔ አስተማሪ ነበርሁና ዝም ብዬ አልተቀበልሁትም። «ከአርባዎቹ አንዱም ሙዚቀኛ ሳይሆን ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቶ ተኝቶ ቢሆንስ ኖሮ፣ ያ ጨዋታ ከንቱ ነበርን?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «አይ፣ ጨዋታውማ ያው ነው» አለ። እኔም ትክክል መለስህ አልሁት። ጥቂቶችን የምናከብረው ከመካከላቸው ነገ ታላቅ ሰው ይወጣል ብለን ከሆነ፣ ያከበርነው እነርሱን ሳይሆን ያ ያልታየውን ታላቅ ሰው ነው። ያ ቁጥርን በሌላ በር ማስገባት ነው። ያች የወንዝ ማዶ ልጅ ትምህርት ይገባት የነበረው ኋላ ሐኪም ትሆናለች ተብሎ አይደለም። በዚያ ጠዋት ስለ መጣች ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው «ሰው በዘጠኝ ሰሚ ይኖራልን?» የሚል ነው። አይኖርም። በዚያ ሌሊት ከበሩ ገቢ ለልጆቹ የደረሳቸው ለአራት ተካፍሎ ለእያንዳንዳቸው 11 ዶላር ነበር፤ የመኪና ማቆሚያቸውንም አልሸፈነም። ቁጥር ለእንጀራ ይጠቅማል፤ ይህን የሚክድ ሰው ሞኝ ነው። የእኅቴ ልጅም ይህን ስለሚያውቅ በማግስቱ በ12 ሰዓት ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ቁጥር የኪስ ሚዛን እንጂ የሥራ ክብር ሚዛን አይደለም ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ጥቂት መሆንን ራሱን የሚያመልኩ ሰዎች ነገር ነው። ልጁ እንደ ነገረኝ፣ አንድን ባንድ ማንም ሳያውቀው የሚወዱ፣ ብዙ ሰው ባወቀው ጊዜ ግን የሚተዉት አድማጮች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከቁጥር ነፃ የወጡ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን እነርሱም ቆጣሪዎች ናቸው፤ የሚቆጥሩት ወደ ታች በመሆኑ ብቻ ይለያሉ። ሙዚቃው ትናንት መልካም ከነበረ ሌላ ሺህ ሰው ስለ ሰማው አይበላሽም።

ከሁለቱም ስሕተት የራቀ ምሳሌ በዚያው በዋሽንግተን ይገኛል። ፉጋዚ የተባለ ባንድ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2002 ሲጫወት፣ ሰሚው ከጥቂቶች ተነሥቶ ብዙ ሺህ በሆነ ጊዜም የመግቢያውን ዋጋ በ5 ዶላር ገደማ ለማቆየትና ማንም በዕድሜው ምክንያት እንዳይከለከል ለማድረግ ይታገል ነበር። በሕዝቡ መካከል አንዱ ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲመታ ያዩ እንደ ሆነ ሙዚቃውን ያቆሙና ያን ሰው ለይተው ይናገሩታል፤ አልሰማም ካለ 5 ዶላሩን መልሰው ያስወጡታል። እንግዲህ በሺህ ሰው መካከል የተገፋውን አንድ ሰው ማየት የሚችል ማነው? ዘጠኝ ሰው ፊት ቆሞ ዘጠኙንም ማየት የለመደ ሰው ነው። ጥቂቶችን የናቀ ሰው ብዙዎችን ቢያገኝ የሚያየው ብዛታቸውን ብቻ ነው።

መኪናውን እቤታችን ደጃፍ ባቆምሁ ጊዜ ልጁ «ጋሼ፣ ሊነግሩኝ ያሰቡት ነገር ነበረ፤ ምን ነበር?» አለኝ። ለካ ሲጠብቀው ኖሯል። እኔም ላንቃው የተዘጋጀውን ምክር ትቼ የሦስቱን ተማሪዎች ነገር ነገርሁት። ለማንም፣ ለእናቱም እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ ምንም አላለኝም፤ መሣሪያውን ከኋላ አውርዶ በሩን ከፍቶልኝ ገባን።

እሑድ እኅቴ ደወለች። «መከርኸው?» አለችኝ። «እርሱ መከረኝ» አልኋት። የትምህርቱን ነገር ገና አልተውሁትም፤ ጀምሮ ያቋረጠው ነገር ቢፈጸም እወዳለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቱ ስናገረው «የሚሰማህ ሰው የለም» የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼዋለሁ። አንደኛ እውነት አይደለም፤ ዘጠኝ ነበርን። ሁለተኛ እውነትም ቢሆን ምክንያት አይሆንም።

እናንተም ወጣቶች፣ አንድ ቀን ለብዙ ሰው ያሰናዳችሁትን ነገር ይዛችሁ ጥቂት ሰው ብቻ ከተቀመጠበት ቤት መግባታችሁ አይቀርም። ምናልባት አስተማሪ ሆናችሁ፣ ምናልባት ሐኪም፣ ምናልባትም ሙዚቀኛ ሆናችሁ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ባዶውን ወንበር አትቁጠሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደ ተባለ፣ ከልብ ለሚሠራም ሰው ሰሚ አይገደውም። የመጣው ሰው መንገዱን ጨርሶ መጥቷል፤ እናንተም የያዛችሁትን ጨርሳችሁ ስጡት። በሌላ ቀን ደግሞ ከተቀመጡት ከጥቂቶቹ አንዱ እናንተ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ የራሳችሁ ወገን ተራውን ስለ ጨረሰ ኮታችሁን አንሥታችሁ አትውጡ።